«ሰውየውን አውቀዋለሁ» እና ሌሎች ቤት ስናሳድስ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

መሐል አዲስ አበባ ቤት ማሳደስ የራሱ ጣጣ አለው። ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ዙሪያ የቀረ የድሮ ግቢ ይሁን፣ ልደታ ወይም ጎተራ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ ነገሩ የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «የምታምነው ኮንትራክተር ታውቃለህ?» ጥያቄው ጥሩ ነው። ጣጣው አብሮት የሚመጣው ምክር ነው። ቡና ላይ፣ እድር ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ስለ እድሳት አንድ ነገር የማይል ሰው የለም። ግማሹ ምክር ይሠራል። ግማሹ ገንዘብ ያስበላል።

እኔ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። በባለቤትና በኮንትራክተር መሐል የማየው ጠብ አብዛኛው ሌባ ከመቅጠር አይመጣም። ምን እንደሚሠራ፣ በምን ዕቃ እንደሚሠራና መቼ እንደሚከፈል ሳይነጋገሩ ከመጀመር ነው የሚመጣው። በየቦታው የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ዘመድ ነው፣ አይከዳኝም»

ላይከዳ ይችላል። ግን ዘመዳችሁን «ይህ ሴራሚክ ተንጋዷል፣ አፍርሰህ እንደገና ሥራው» ማለት ትችላላችሁ? እዚህ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው። አክስቴ ትቀየመኛለች፣ እናቴ ምን ትላለች እየተባለ ሴራሚኩ ተንጋዶ ይቀራል። እሱም በበኩሉ ሌላ ሥራ ሲመጣለት የእናንተን ያቆየዋል። «እነሱ እኮ ቤተሰብ ናቸው፣ ይጠብቁኛል» ይላል። ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትገበያይ የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

በዘመድ አታሠሩ ማለቴ አይደለም። በዘመድ ስታሠሩ ውሉ ይበልጥ ዝርዝር ይሁን ነው የምለው። «ነገ እኔና አንተ እንዳንቀያየም ብዬ ነው» ስትሉት ቅን ሰው ይገባዋል። የሚያኮርፍ ከሆነም ግድግዳ ሳይፈርስ ማወቃችሁ ጥሩ ነው።

የአገር ልጅም፣ የሰፈር ልጅም፣ የማኅበር ወዳጅም ያው ነው። ሰው ማወቅ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፤ ኮንትራክተሩ ከዚህ በፊት የሠራውን ቤት ገብቶ ለማየት።

«ፎቶውን አይቻለሁ፣ ሥራው ያምራል»

ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የማያምር መታጠቢያ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሴራሚክ በተለጠፈ ማግስት ሁሉም ያበራል። ፎቶው የእሱ ሥራ መሆኑንስ በምን ታውቃላችሁ?

ማየት ያለባችሁ ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን ሥራ ነው። «ካለቀ ዓመት የሆነው አንድ ቤት አሳየኝ፣ ባለቤቱንም ላነጋግር» በሉት። በሥራው የሚተማመን ሰው እዚያው ስልክ ደውሎ ያገናኛችኋል። «ባለቤቱ ውጭ አገር ነው» ካለ ሌላ ቤት ጠይቁ። ባለቤቶቹ ሁሉ ውጭ አገር ከሆኑ እናንተም ሌላ ኮንትራክተር ፈልጉ።

ከገባችሁ በኋላ ሳሎኑ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሂዱ። የሠራተኛ ልክ የሚታወቀው እዚያ ነው። በሳንቲም ወይም በቁልፍ ጫፍ የግድግዳውን ሴራሚክ ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉት። ከኋላው ሲሚንቶ በደንብ የሞላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ባዶ የሆነው ደግሞ ቆርቆሮ እንደመታችሁ ያስተጋባል። አንድ ሁለት ቦታ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ግድግዳው በሙሉ እንደዚያ ከሆነ ግን ሰውየው ሲሚንቶውን መሐል ላይ ብቻ ጠብ እያደረገ ነው የለጠፈው። በሞቀ ውኃ ሲሰፋና ሲጠብ አንድ ቀን ይረግፋል።

ቀጥሎ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ወለሉ ላይ አንድ ኩባያ ውኃ አፍስሱ። ውኃው ወደ መውረጃው መሄድ አለበት። ጥግ ይዞ ከተኛ ወለሉ ሲነጠፍ ተዳፋቱ አልተጠበቀም። ከዚያ በሩ አጠገብ ያለውን የሴራሚክ አቆራረጥ ተመልከቱ። በር ላይ እንደ ጣት የቀጠነ ቁራጭ ካያችሁ ሥራው ሲጀመር አልተለካም። ጥሩ ሠራተኛ መጀመሪያ በደረቁ ይደረድርና ቁራጩን ዓይን የማያርፍበት ጥግ ይልከዋል። በመጨረሻ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ በሉ። ዝገት፣ ነጭ የደረቀ ምልክት ወይም ያበጠ ቀለም ካለ ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል ከርሟል ማለት ነው።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ አንድ ፎቅ ወርዳችሁ የታችኛውን ጎረቤት አንኳኩ። እዚያ ኮርኒስ ላይ ቢጫ የውኃ ምልክት ካለ ከማንም ምስክር ይበልጣል።

ባለቤቱን ስታነጋግሩ «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ፣ የሰው እንጀራ ላለመዝጋት ሲል «ደህና ነው» ይላችኋል። ይልቅ «በስንት ጊዜ እጨርሳለሁ ብሎ በስንት ጨረሰ? ከተስማማችሁበት በላይ ምን አስጨመረ? ካለቀ በኋላ ሲበላሽ ስትደውሉለት መጣ?» በሏቸው። ዋናዋ ሦስተኛዋ ናት።

«ፈቃድ ካለው በቃ»

ተቋራጮች ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ ወይም ሕንፃ ተቋራጭ እየተባሉ፣ በተለምዶ አጠራር ጂሲ ወይም ቢሲ፣ በደረጃ ይመዘገባሉ። ደረጃው ስለ ድርጅቱ ባለሙያዎች፣ መሣሪያና አቅም ይናገራል። እናንተ ቤት የሚመጣው ግን ፎርማኑ፣ ለሳኙና ሴራሚክ የሚለጥፈው ልጅ ነው። ስለዚህ ፈቃዱን ካያችሁ በኋላ «ሥራው ላይ በየቀኑ የሚቆመው ማነው? አሁን ስንት ሳይት ይዟል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ችግር የለም፣ እኔ እመላለሳለሁ» ከሆነ የሚመላለሰው ስልኩ ብቻ እንዳይሆን ጠንቀቅ ነው።

ፈቃድ የሚያከራይም አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም፣ ውሉን የሚፈርመው ሰውና ገንዘብ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ አንድ መሆናቸውን እዩ። ካልገጠሙ ውክልና ይምጣ። ንግድ ፈቃዱ እውነተኛና የታደሰ መሆኑን በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ ከስልካችሁ ማጣራት ይቻላል። ይህን ለማድረግ ማንንም ማስቀየም አያስፈልግም፤ ዝም ብላችሁ እዩት።

በተቃራኒው ደግሞ ፈቃድ የሌለው ሁሉ አጭበርባሪ ነው የሚሉ አሉ። እሱም ስህተት ነው። በዚህ ከተማ እጃቸው ወርቅ የሆነ ለሳኞችና ቀለም ቀቢዎች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ ድርጅት የላቸውም። አንድ ክፍል ለማስቀባት ወይም አንድ ወጥ ቤት ሴራሚክ ለማስለጠፍ ሙያተኛውን በቀጥታ መያዝ ይበቃል፤ ርካሽም ነው። ግድግዳ የሚያፈርስ፣ ፎቅ የሚጨምር ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ሙሉ በሙሉ የሚቀይር ሥራ ሲሆን ግን በሕግ የሚጠየቅ ድርጅትና ፕላኑን የሚፈርም መሐንዲስ ያስፈልጋችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫቱ ይቀርላችኋል» የሚል አይጠፋም። ደረሰኝ ከሌለ ነገ ክርክር ቢነሳ የከፈላችሁት ብርም ከእሱ ጋር እንደሚጠፋ አስቡ። ሕገወጥ መሆኑ ሳይቆጠር።

«ትንሹን ዋጋ የሰጠው ይውሰደው»

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የእድሳት ዋጋ የሚጠራው በካሬ ነው። «ሴራሚክ በካሬ ይህን ያህል» ይባላል፣ ያልቃል። እስቲ ይህችን አንድ ቁጥር እንፍታት። የድሮውን ሴራሚክ ማፍረስ አለበት? ፍርስራሹን ማን ያወጣዋል? ከሥር ያለው ሊሾ ከተሰነጠቀ ማስተካከሉ በማን ነው? ዞኮሎው፣ ግድግዳው ሥር የሚዞረው ጠባብ ሴራሚክ፣ በካሬው ውስጥ ነው ወይስ በሜትር ለብቻው ይቆጠራል? የመስኮት ደፉስ? ስትለኩ በርና መስኮት ይቀነሳል ወይስ እንዳለ ይቆጠራል? ቀለም ከሆነ ስንት ዙር ስቱኮ፣ ስንት ዙር ቀለም? ሁለት ዙርና ሦስት ዙር ቀለም በፎቶ አይለዩም፤ ከዓመት በኋላ ግን ይለያሉ።

ሦስት ሰው ሦስት ዋጋ ሲሰጣችሁ ሦስት የተለያየ ሥራ በልቡ ይዞ ነው። ትንሹን ዋጋ የሰጠው ብዙ ነገር ያልቆጠረው ሊሆን ይችላል። ያልተቆጠረው ደግሞ አይቀርም፤ መሐል ላይ ወጥ ቤታችሁ ፈርሶ፣ ምጣዱ ሳሎን ገብቶ፣ «ይህ እኮ ተጨማሪ ነው» ተብሎ ይመጣል። ያኔ ምርጫ የላችሁም።

መፍትሔው ዝርዝሩን ራሳችሁ ማዘጋጀት ነው። ክፍል በክፍል፣ ሥራ በሥራ፣ በካሬ ወይም በሜትር ስንት እንደሆነ ጻፉ፤ የዋጋውን ዓምድ ባዶ ተዉት። ያንኑ ወረቀት ለሦስቱም ስጡ። እኛ ቢኦኪው የምንለው ነገር ከዚህ አይዘልም። ሥራው ትልቅ ከሆነ ለመሐንዲስ ከፍላችሁ አሠሩት፤ ከወጪው ሁሉ «አይቆጨኝም» የምትሉት እሱን ይሆናል።

መሐል ከተማ ላይ ሁሌ የሚረሳ ወጪ አለ፦ ማጓጓዝ። ከባድ መኪና በቀን ወደ መሐል ከተማ እንደልቡ አይገባም። መኪና የማይዘልቀው ጠባብ መንገድ ውስጥ ያለ ቤት ከሆነ አሸዋው አስፋልት ዳር ይራገፍና በቀን ሠራተኛ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ይገባል። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲሚንቶ ማውጣትም፣ ፍርስራሽ ማውረድም ሒሳብ ነው። ፍርስራሹ መንገድ ላይ ካደረ ደንብ አስከባሪ ይመጣል፤ የሚፈልገውም የቤቱን ባለቤት ነው። እነዚህ በማን ወጪ እንደሆኑ አስቀድሞ ይጻፍ።

ዋጋ የሚቆይበት ጊዜም አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ የቧንቧ ዕቃ፣ ሴራሚክና ኬብል ዋጋ እንደ ድሮው አይጠበቅም። ሱቆቹም ፕሮፎርማ ሲሰጡ ቀን ይገድቡበታል። ኮንትራክተሩ ይህን እንዳላየ ሆኖ «ዋጋው አይነቃነቅም» ካላችሁ እኔ አላምነውም። ኪሳራ ሲጀምር ወይ ሥራ ያቆማል፣ ወይ ዕቃ ያሳንሳል። የእጅ ዋጋው የተቆረጠ ይሁን፤ የትኛው ዕቃ በሱቅ ደረሰኝ ሊስተካከል እንደሚችል በስም ይጠቀስ።

«ዕቃውን ራሴ ከገዛሁ ማንም አይበላኝም»

ይህኛው ብዙ አስተዋይ ሰው የሚወድቅበት ነው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ኮንትራክተሩ የእጅ ዋጋ ብቻ ይውሰድ፣ ዕቃውን እኔ ከመርካቶ ወይም ከተክለ ኃይማኖት ሱቆች እገዛለሁ። ከዚያስ?

ከዚያ «የማውቀው ሱቅ አለ፣ ቅናሽ ያደርግልናል» የሚል ፎርማን አብሯችሁ ይሄዳል። ቅናሹ ለእናንተ፣ ኮሚሽኑ ለእሱ። ሁሉም እንዲህ ነው ባልልም አዲስ ነገር አይደለም። ቀጥሎ ብክነት አለ። ዕቃው የእሱ ካልሆነ ሠራተኛው ለቁራጭ አይጨነቅም፤ ግማሽ ሴራሚክ ለምትበቃ ቦታ አዲስ ይቆርጣል። ሦስተኛው ባዶ ቀን ነው። የቧንቧ መጋጠሚያው ልኩ ተሳስቶ ከተገዛ እናንተ ተመልሳችሁ እስክታመጡ ሠራተኞቹ ቁጭ ብለው ይውላሉ፣ አበላቸውም ይቆጠራል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሲበላሽ ነው። «ዕቃው ነው» ይላል እሱ። ሱቁ ደግሞ «አሠራሩ ነው» ይላል። እናንተ መሐል ላይ ትቀራላችሁ።

ስለ ሴራሚክ አንድ ነገር እወቁ። ካርቶኑ ላይ ከስሙ ሌላ የምርት ዙሩና የቀለም ደረጃው ቁጥር አለ። ስሙ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፤ ሱቅ ውስጥ አይታወቅም፣ ወለል ላይ ጎን ለጎን ሲገጥም ግን ከበር ላይ ይታያል። ስለዚህ ሲገዛ በአንድ ጊዜ፣ ቁጥሩ እየታየ፣ ለቁራጭና ለስብራት 10 በመቶ ያህል ተጨምሮ ነው። የተረፈውን አትመልሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቧንቧ ሲሰበር ትፈልጉታላችሁ።

ሲሚንቶም ሁሉ አንድ አይደለም። ለሶሌታ (ለኮንክሪት ወለል) እና ለኮለን (ለምሰሶ) የሚሆነው ኦፒሲ፣ ማለትም 42.5 የሚባለው ነው። ለልስንና ለግንብ ፒፒሲ፣ 32.5 የሚባለው ይበቃል። ከረጢቱን ስትነኩት እንደ ድንጋይ የደረቀ እብጠት ካለበት እርጥበት አግኝቶታል፤ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትግዙ።

ኤሌክትሪክ ላይ ደግሞ የእንጀራ ምጣድን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ከማብሰያውና ከፍሪጁ ጋር በአንድ ቀጭን መስመር ከተቀጠለ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ለምጣዱ የራሱ ወፈር ያለ መስመር፣ የራሱ ብሬከር። ለሻወር ውኃ ማሞቂያውም እንዲሁ። ይህን ሳትጠይቁት ራሱ ያነሳላችሁ ኤሌክትሪሻን ካገኛችሁ ስልኩን መዝግቡ።

የእኔ ምርጫ መሐለኛው መንገድ ነው። ለዓይን የሚታየውን፣ ማለትም ሴራሚክ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የውኃ ማዞሪያ፣ የቀለም ዓይነት፣ እናንተ ግዙ። የሚደበቀውንና በብዛት የሚገባውን፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ ቧንቧ፣ ኬብል፣ እሱ ያምጣ። ግን ዓይነቱና ደረጃው ውሉ ላይ በስም ተጽፎ፣ ሲገባም ታይቶ። ያኔ ቧንቧው ቢያፈስ የሚጠየቀው አንድ ሰው ነው።

«ግማሹን ቀብድ ካልሰጠሁ አይጀምርም»

በመንግሥት ግንባታ እንኳ የተለመደው ቅድመ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ነው፣ እሱም ዋስትና ተይዞበት። እናንተ ያለ ምንም ዋስትና ግማሹን የምትሰጡበት ምክንያት የለም። ሰውየው እቃ መግዣ ያስፈልገው ይሆናል፤ ተገቢ ነው። የመጀመሪያውን ዕቃ የሚሸፍን ያህል ስጡት፣ ዕቃው ግቢያችሁ ሲገባ እዩት።

«ቀብድ» የሚለውንም ውል ላይ እንደዘበት አትጻፉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከተወ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ይህን ፈልጋችሁ ከሆነ ጥሩ። የሥራ ማስጀመሪያ ለመስጠት ብቻ ከሆነ «ቅድመ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ።

ቀሪው ክፍያ በቀን ሳይሆን ባለቀ ሥራ ይሁን። ለምሳሌ ፈረሳው አልቆ ቧንቧና ኤሌክትሪኩ ሲፈተሽ አንድ፣ ልስንና ሴራሚክ ሲያልቅ ሁለት፣ ቀለምና ገጠማ ሲያልቅ ሦስት። ከእያንዳንዱም 5 ወይም 10 በመቶ ይያዝና ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከተቻለ አንድ ክረምት አልፎ፣ ይከፈል። ይህችን መያዣ የማይቀበል ኮንትራክተር ጨርሶ ከሄደ በኋላ ላለመመለስ ያሰበ ነው ብዬ ነው የማስበው። ልሳሳት እችላለሁ፤ ግን በእናንተ ቤት አልፈትሸውም።

ስትከፍሉ በባንክ ወይም በቴሌብር፣ የክፍያው ምክንያት ተጽፎ። አዲስ ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ሠራተኞቹ ደሞዛቸውን ማግኘታቸውን ጠይቁ። ኮንትራክተሩ ሳይከፍላቸው ከጠፋ ለሳኞቹ የሚያውቁት በር የእናንተን ነው።

«ውል መጻፍ አለመተማመን ነው»

ውል የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ ለሚተማመኑ ሰዎች ነው፤ ምን እንደተባባሉ ለመርሳት የሚፈጥኑት እነሱ ናቸው። ጠበቃ ባይኖርም ሁለት ገጽ ይበቃል። የሥራው ዝርዝር ከነዋጋው፣ የዕቃው ደረጃ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ለዘገየበት የሚቀነስ፣ የክፍያው ደረጃዎች። «ሁለት ሳምንት» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቀን ጥቀሱ። የኮንትራክተር ሁለት ሳምንት ከየትኛው ሰኞ እንደሚጀምር አይታወቅም። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ የመታወቂያ ቅጂ ይያያዝ። ሥራው ትልቅ ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ ማስመዝገብ ይቻላል።

መሐል ላይ ሐሳብ መቀየራችሁ አይቀርም። «እዚህ ጋ መደርደሪያ ብትጨምርልኝ» ማለት ነጻ አይደለም። ጭማሪ ሁሉ ከመሠራቱ በፊት ዋጋው በቴሌግራም ይጻፍ፣ «ተስማምቻለሁ» ይባል። ሰዎች የሚጣሉት በዋናው ሥራ ሳይሆን በዚህች ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ትክክለኛነትና ጥንካሬ ከርክክብ በኋላ 10 ዓመት ዋስ ነው። «ካስረከብኩ አበቃ» የሚላችሁ ወይ አያውቅም፣ ወይ አታውቁም ብሎ ነው። ስለዚህ የርክክብ ቀኑ በጽሑፍ ይኑር፣ የታዩት ጉድለቶችም እዚያው ይዘርዘሩ።

«የራሴ ቤት ነው፣ ማንን አስፈቅዳለሁ?»

ውስጡን ቀለም ለመቀባት ማንንም አታስፈቅዱም። ግድግዳ ለማፍረስ፣ መስኮቱን በር ለማድረግ፣ ጣሪያ ለመቀየር ወይም ክፍል ለመጨመር ግን ወረዳችሁ ወይም ክፍለ ከተማችሁ ያለውን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆናችሁ ቤቱ የእናንተ አይደለምና ለጥገናም የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ፒያሳ አካባቢ ያለ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ሌላ ሕግ አለው። የኮሪደር ልማት የሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለ ቤትም የውጭ ገጽታውን ከመንካታችሁ በፊት ማጣራት ይበጃል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮለኑ፣ የውጭው ግድግዳና የጋራ ቧንቧ የሚወርድበት ቦታ የእናንተ ብቻ አይደለም። ከ1995 ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤት አዋጅ አለ፣ ማኅበሩም አለ። በኮለኖች መሐል የተሞላ ብሎኬት ግድግዳ ብዙ ጊዜ ሕንፃውን አይሸከምም። ግን «ብዙ ጊዜ» ብሎ መዶሻ አይነሳም፤ መሐንዲስ ይየው።

«ቅዳሜ ማታ እናፈርሰዋለን፣ ሰኞ ማን ያያል» የሚል ኮንትራክተር ስለ ራሱ የነገራችሁ ብዙ ነው። ሥራው ቢታገድ እሱ ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳል። ፈርሶ የሚቀረው የእናንተ ቤት ነው።

«ፈጣን ከሆነ ጎበዝ ነው»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። እርጥብ ልስን ላይ ስቱኮና ቀለም ከተደረበ ያብጣል፣ ይላጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ልስን ለመድረቅ ይዘገያል። ጣሪያ የሚነሳበት ሥራ ካላችሁ ክረምቱ ይለፍ። የውስጥ ሥራ ግን በክረምትም ይሠራል፤ ሠራተኛም ቀለል ብሎ ይገኛል።

«ቀኑን ሙሉ ካልቆምኩበት ይሸውደኛል»

ሥራ ፈታችሁ፣ ወንበር አውጥታችሁ፣ ሠራተኛ ስትጠብቁ መዋል አይጠበቅባችሁም። ሠራተኛም እንደዚያ ሲጠበቅ ደስ አይለውም። መገኘት ያለባችሁ ነገር ከመሸፈኑ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ውሉ ላይም «ባለቤቱ ሳያይ አይሸፈንም» ብላችሁ አስገቡት።

አንደኛው ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሳይለሰን ነው። መሐል ከተማ ብዙ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቧንቧው በተገጠመ ቀን ውኃ ከሌለ ምንም አያፈስም፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለስናል። ውኃ ሌሊት በሙሉ ግፊቱ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ ቧንቧው በእጅ ፓምፕ ውኃ ተሞልቶ፣ ግፊት ተይዞበት ይደር፤ ጠዋት መለኪያው ካልወረደ ይለሰን።

ሁለተኛው የመታጠቢያ ቤቱ ወለል የውኃ መከላከያ ተቀብቶ ሴራሚክ ሳይነጠፍ ነው። መውረጃው ይደፈንና ወለሉ ላይ ውኃ ተይዞ 24 ሰዓት ይቆይ። የታችኛው ጎረቤት ኮርኒሱን እንዲያይላችሁ ንገሩት። ሦስተኛው ጂፕሰም ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት ነው፤ የኤሌክትሪክ ቅጥያ ሁሉ ሳጥን ውስጥ መሆኑን፣ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ የተሰቀለ አለመኖሩን እዩ።

በእያንዳንዱ ጊዜ ግድግዳው ላይ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቧንቧው ከወለሉ ስንት ሴንቲሜትር፣ ከጥጉ ስንት እንደሆነ እንዲታይ። ፎቶዎቹን ለኮንትራክተሩም በቴሌግራም ላኩለት። ቀን ይዞ ይቀመጣል፣ እሱም እንደምታዩ ያውቃል። ቁም ሳጥን ወይም መጋረጃ ለመስቀል ድሪል የሚያመጣ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እነዚያን ፎቶዎች አሳዩት።